ወንፈል

«ምድብሽ ብቸና» ሲለኝ የዞኑ ሰው፣
የመሪጌታ ልጅ ነኝና ወዲያው ፈታሁት፣ ለሱ ሳልነግረው፦
ሰሙ ከተማ፣
ወርቁ ብቸኝነት፣ ጆሮ ላለው የሚሰማ።

ሦስት ክረምት አዋለድሁ።
ስንቱን እትብት ቋጠርሁ፣ ስንቱን «እልል» ከደጅ ሰማሁ፤
«እጅሽ ይባረክ» ሲሉኝ «አሜን» ብዬ አለፍሁ፣
እስከዚያች ሐምሌ ድረስ። ከዚያ ወዲህ እጄን ፈራሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት። ውዴ ደም ይፈስሳታል።
ደብረ ማርቆስ ትሂድ ብያለሁ፤ አምቡላንሱን ሱሃ ማዶ ጭቃ ይዞታል።
ደሙን ሁለት አንሶላ ጠጣው። ሦስተኛው የኔ ነጠላ።
ከዚያ ክፍሉ ዝም አለ፤ ልጁ ብቻ አለቀሰ፣ ከሁሉ በኋላ።
ሲነጋ መዝገብ ሞላሁ፦ ሰዓት፣ ምክንያት፣ ፊርማ፤
ሐዘን የሚጻፍበት ዓምድ መዝገቡ የለውማ።

እጄን እታጠባለሁ፤ በረኪናው ቆዳዬን ልጦ አልጠገበም።
ምጥ የያዛት ትጮኻለች፤ እሰማለሁ፣ አይሰማኝም።
«በርቺ፣ ግፊ» የሚለው አፌ ነው፤ እኔ እዚያ የለሁም።
የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍሁ፣ ቀኑን ክፍት ተውሁት፣
በጋዋኔ ኪስ አጣጥፌ ሁለት ሳምንት ያዝሁት።

ያገኘችው ትሁኔ ናት፣ ጋዋን የምታጥበው።
ማንበብ አትችልም፤ እጥፋቱን ግን በጣቷ ዳሰሰችው።
«ይኸ» አለች፣ «ስንቴ ተገልጦ ስንቴ ተመልሶ ነው?»
ሌላ አልጠየቀችኝም።
«ሐሙስ ማታ ነይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጓሮ።»

ሄድሁ። ከአገልግሎት የወጣ አልጋ ላይ ተደርድረዋል፤
አንሙት አለ፣ የተመላላሽ ነርሱ፣
ይርሳው ከላብራቶሪ፣ ጣቱ በቀለም እንደ ጨቀየ፣
ሹፌሩ እንዳላማውም አለ፣
ከዚያች ሌሊት ወዲህ ዓይኔን ሸሽቶ የከረመ፣
እኔም ዓይኑን የሸሸሁት።

ትሁኔ መጥረጊያዋን አስደግፋ ቆመች፦
«አባቴ የጤፍ አረም ብቻውን ነቅሎ አያውቅም።
ዛሬ የኛ ማሳ፣ ነገ የጎረቤት፣
ከነገ ወዲያ ያኮረፈንም ሰው ቢሆን።
እናንተ የተማራችሁት ግን
አረም እስከ አንገታችሁ ደርሶ
‹ደኅና ነኝ› ትባባላላችሁ።»

ማንም አልመከረኝ። «አይዞሽ» ያለም የለም።
እንዳላማው ነው የጀመረው፣ መሬት መሬቱን እያየ፦
«ስተኛ ጎማው ይዞራል። ባለበት። ጭቃው ይረጨኛል።
በላይኛው መንገድ ዞሬ ቢሆን ኖሮ...»
አልጨረሰውም።
ለካ ያች የኔ ሌሊት
እሱም ቤት ታድር ኖሯል።

ላለቅስ ነበር፣ እውነቴን ነው፤
ያን ጊዜ አልጋው ቀጭ አለና
አራታችንንም መሬት ጣለን።
ይርሳው ከሥር ሆኖ «የአጥንት ሐኪም ጥሩልኝ!» ሲል
ሳቅሁ። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዬ።
ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶው መጣ፣
ማንም ዝም በይ አላለኝ።

ከዚያስ? ደመወዝ አልተጨመረም። ጓንት በወሩ አጋማሽ ያልቃል።
ዞኑ ሪፖርት ይጠይቃል፤ ሱሃም ክረምት በመጣ ቁጥር ይሞላል።
ግን አርብ ሌሊት ተራዬን አንሙት ገባልኝ፤
ተኛሁ፣ ፀሐይ ግድግዳውን አጋምሳ እስክትቀሰቅሰኝ።
በሳምንቱ የሳንባ ምች አንድ ሕፃን ሲነጥቀው፣
ካርዱን እኔ ሞላሁለት፤
ለእናቲቱም የነገርሁ እኔ ነኝ፣
እሱ ውጭ ባሕር ዛፉን ተደግፎ ሳለ።

ደብዳቤውን አልቀደድሁትም። አልዋሽም።
ትሁኔ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች፣ እንደ ገንዘብ፤
«ያሰኘሽ ቀን ጠይቂኝ» ትለኛለች።
ሁለቴ ልጠይቃት ብዬ ነበር።

ዛሬም ሐሙስ ነው። አልጋው በሽቦ ታስሯል።
ትሁኔ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች፦
«እ፣ ዛሬ የማን ማሳ ነው?»
ዝም እንላለን።
ጣራው ላይ ዝናብ ይጀምራል፤
ይርሳው፣ ሁሌ የሚያስቀን፣
ቀለም የጠጣ ጣቱን ቀስ ብሎ ያነሳል።